በሰው አገር ሰላም የሚጠብቅ ወታደር ቀኑን እንዴት ያሳልፋል?

በደባርቅም ሆነ በዳባት፥ ከሊማሊሞ አፋፍ ጀምሮ በስሜን ግርጌ ባሉት ቀበሌዎችም ሁሉ፥ ከዘመዶቹ መካከል ወታደር ያለው ቤት ብዙ ነው። ወታደሩ ወደ ሰው አገር በዘመተ ጊዜ ግን በሰፈር የሚነገረው ነገር ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ ወገን «ዶላር ሊያመጣ ሄደ» ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ «እንግዲህ መመለሱን አምላክ ያውቃል» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። በነዚህ በሁለቱ ንግግሮች መካከል ያለው ነገር፥ ይኸውም ዘማቹ ከእንቅልፉ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፥ ምን እንደሚበላ፥ ማንን ከማን እንደሚጠብቅ፥ ማታም ጋደም ሲል ምን እንደሚያስብ፥ ከቶ ሲነገር አይሰማም።

እኔ ይህን ለማወቅ የቻልሁት በእናቴ ወንድም ምክንያት ነው። አጎቴ በዳባት ወረዳ ተወልደው ያደጉ ወታደር ሲሆኑ፥ ከ2010 እስከ 2011 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪ ጦር ውስጥ ሆነው በአብዬ ቆይተዋል። እኔ በዚያን ጊዜ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እናቴ «ለአጎትሽ ጻፊላቸው» ስትለኝ የማውቀው ሰላምታ ከሁለት መሥመር በላይ ስለማይሄድ፥ የቀረውን ወረቀት በጥያቄ እሞላው ነበር። እሳቸውም ጥያቄዬን አንድም ሳይተዉ በተራ ቁጥር መልሰው ይልኩልኛል። ደብዳቤው በፖስታ ቤት የሚሄድ አልነበረም፤ ለዕረፍት የሚመጣ ወይም ተረኛ ሆኖ የሚሄድ ወታደር ሲገኝ በእጅ ይላካል። ስለዚህ አንዱ መልስ ሁለት ወር፥ ሌላውም አራት ወር ይፈጅ ነበር። ስልክ አልፎ አልፎ ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን ስልኩ የትልልቆቹ ነው። ለእኔ የሚደርሰኝ «እንዴት ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ ስለ ነበረ ደብዳቤውን እመርጥ ነበር። እንግዲህ ከነዚያ መልሶች ያገኘሁትን፥ በኋላም ስለዚሁ ነገር አንብቤ የተረዳሁትን፥ ለመጽሔታችን አንባብያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አብዬ የት ናት?

አብዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል የምትገኝ፥ ሁለቱም መንግሥታት «የእኔ ናት» የሚሏት ምድር ናት። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ራስዋን የቻለች አገር በሆነች ጊዜ የአብዬ ጉዳይ ሳይቈረጥ ቀረ። በዚያች ምድር የንጎክ ዲንቃ ሰዎች ይኖራሉ፤ ከሰሜን ደግሞ ሚሲሪያ የተባሉት ከብት አርቢዎች በበጋ ወራት ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብቶቻቸውን እየነዱ እስከ ኪር ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ። ከመንግሥታቱ ክርክር በታች ያለው እንግዲህ የሣርና የውሃ ክርክር ነው። ይህን ለስሜን ሰው ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። በእኛም አገር ስለ አንድ የግጦሽ መስክ ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው ሽማግሌ ስንት ቀን እንደሚመላለስ ሁላችንም እናውቃለን።

በግንቦት 2003 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የአብዬን ከተማ በያዘ ጊዜ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በሰኔ ወር አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው፥ የኢትዮጵያ ወታደሮች በመካከላቸው እንዲቆሙ ተስማሙ። የጸጥታው ምክር ቤትም ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ባሳለፈው በ1990ኛው ውሳኔ እስከ 4,200 ወታደር የሚደርስ ጦር እንዲላክ ፈቀደ። በሰላም ማስከበር ሥራ ጦሩ የሚሰበሰበው ከብዙ አገሮች ሲሆን፥ በአብዬ ግን ወታደሮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህም እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ቦታውን የጋና፥ የህንድ፥ የፓኪስታን፥ የባንግላዴሽና የሌሎችም አገሮች ወታደሮች ተረክበውታል።

ምድሪቱ ከእኛ አገር ጋር የምትመሳሰልበት ነገር ጥቂት ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ሲኖራት፥ አብዬ ከ400 ሜትር እምብዛም አትበልጥም። በጥቅምትና በኅዳር እኛ የውርጩን ብርድ በጋቢ ስንከላከል፥ እሳቸው በዚያው ወር ሸሚዛቸውን ጨምቀው ላብ ያንጠባጥቡ ነበር። አፈሩ ግን ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ በክረምት ሲያጣብቅ ምን እንደሚመስል የምናውቅ ስለሆንን፥ «ከግንቦት እስከ ጥቅምት መኪና አይንቀሳቀስም» ብለው ሲጽፉልኝ ቤተ ሰቡ ሁሉ ገባው። በዚያ ወራት ስንቅም ሆነ ደብዳቤ የሚመጣው በሄሊኮፕተር ነበር።

የቀኑ ሥራ

ሁለተኛው ጥያቄዬ «ቀን ቀን ምን ይሠራሉ? ጦርነት አለ?» የሚል ነበር። መልሱ እንዲህ የሚል ነው፤ «ልጄ ሆይ፥ ጦርነት ቢኖር ሥራችን አልሆነም ማለት ነው። የእኛ ሥራ እንዳይኖር ማድረግ ነው።»

ወታደሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣል። ፀሐይ ሳትበረታ ስፖርቱን ይሠራል፥ ይታጠባል፥ ቁርሱን ይበላል፥ ስሙም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ጓዱ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ክፍል ሰፈሩን ይጠብቃል። ሁለተኛው ክፍል ቅኝት ይወጣል። ሦስተኛው ያርፋል፥ ልብሱን ያጥባል፥ መሣሪያውን ይወለውላል፥ ወጥ ቤቱን ያግዛል። ሰፈሩ የሚታጠረው በሽቦ ቅርጫት ውስጥ አፈር ተሞልቶ በሚሠራ ወፍራም ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ በክረምት ዝናብ እየተሸረሸረ ስለሚፈርስ ወታደሩ ከጠመንጃው ይልቅ አካፋውን የሚይዝበት ቀን ይበልጣል።

ቅኝት ማለት በመኪናም በእግርም፥ ቀንም ሌሊትም፥ ከመንደር ወደ መንደር መሄድ ነው። እኔ ቅኝቱ ጠላት ለመፈለግ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ ግን ሲያስረዱኝ፥ ሰላም አስከባሪ ጠላት የለውም፤ ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል፤ የሚሄደውም ለመታየት ነው አሉ። ሰማያዊ ቆብ የሚደረገው፥ መኪናውም ነጭ ቀለም የሚቀባው ለዚሁ ነው። ሌላ ወታደር ቅጠልና አፈር መስሎ ይደበቃል፤ ሰላም አስከባሪ ግን ከሩቅ እንዲታይ ሆኖ ይለብሳል። ከብት ሊነዳ የመጣ ሰው ነጩን መኪና አይቶ ከተመለሰ የዕለቱ ሥራ ተሠርቷል። ይህ ሥራ በሪፖርት ላይ ሲጻፍ «ምንም አልተፈጠረም» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ነው። ያንን አንድ መሥመር ለማግኘት ግን ሃያና ሠላሳ ሰው በፀሐይ ሲንከራተት ይውላል።

ጠመንጃው ታዲያ ለምንድን ነው? የተባበሩት መንግሥታት ወታደር ሊተኩስ የሚችለው በታወቀ ደንብ ነው። ራሱንና ጓደኞቹን ለማዳን፥ እንዲሁም በአደጋ ላይ ያለ ሰላማዊ ሰው ለመጠበቅ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። አስቀድሞ በቃል ማስጠንቀቅ፥ በመካከል መቆም፥ ሽማግሌ መጥራት ይቀድማል። «መተኰስ በአንድ ሳምንት ልምምድ ይገኛል፤ አለመተኰስ ግን ዓመት ይፈጃል» ብለው የጻፉልኝን ዓረፍተ ነገር በዚያን ጊዜ በልጅነቴ ሳላስተውለው አልፌው ነበር፤ ዛሬ ግን ከደብዳቤዎቹ ሁሉ እርሱ ይበልጥብኛል።

ከቅኝቱ ሁሉ ደስ የሚላቸው በአሚየት ገበያ የሚደረገው ጥበቃ ነበር። አሚየት ሚሲሪያና ዲንቃ በአንድነት የሚገበያዩበት ቦታ ነው። ከሰሜን ስኳር፥ ዘይትና ልብስ ይመጣል፤ ከደቡብም የሚሸጥና የሚለወጥ ይቀርባል። ትናንት በከብት ስርቆት የተካሰሱ ሰዎች ዛሬ በአንድ ሚዛን ላይ እጃቸውን አኑረው ሲከራከሩ ማየት፥ ለዘቡ ከደመወዝ የማይተናነስ ነበር ይሉኛል።

ምግብና ውሃ

ሦስተኛው ጥያቄዬ «እንጀራ አለ?» የሚል ነው። መልሱም፥ ዱቄቱ ከአገር ሲደርስ አለ፤ ሳይደርስ ሲቀር ግን ሩዝ፥ ፓስታና ዳቦ ነው የሚል ነበር። በጾም ወራት ወጥ ቤቱ የጾምና የፍስክ ወጥ ለይቶ ይሠራል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ድንኳን ስለሚያድሩ አንዱ የሌላውን የጾም ሰዓት ጠብቆ ውሃ ያቀርብለታል። ለበዓል ቀን በግ ባይገኝ ፍየል ይገዛል፤ ቡናም ከአገር በሄደ ጀበና ይፈላል። ቡናው የሚፈላበት ሰዓት ስለ ቤት የሚወራበት ሰዓት ነው። ባለ ትዳሩ ስለ ልጁ፥ ጎረምሳው ስለ እጮኛው፥ አጎቴም ስለ ገብሳቸው ያወራሉ።

ስለ ውሃ የጻፉት ግን በልቤ ቀርቷል። እኔ በዚያን ጊዜ ከምንጭ በ10 ሊትር ጀሪካን ውሃ እቀዳ ነበርና «እርስዎስ ከየት ይቀዳሉ?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። እሳቸውም፥ ለወታደሩ የሚጠጣው በጠርሙስ ይመጣል፤ ለመታጠቢያ የሚሆነው ከጉድጓድ ወጥቶ ይጣራል፤ ነገር ግን ከአጥሩ ውጭ በእኔ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች ከአንድ የእጅ ፓምፕ ፊት ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ከጧት ጀምሮ ተራ ይጠብቃሉ ብለው ጻፉ። «ጀሪካኑን ባየሁ ቊጥር አንቺ ትመጪብኛለሽ» ይላል ደብዳቤው። በዚያ አገር ጠብ የሚነሣው በውሃ ነው ሲባል፥ መጀመሪያ በወረፋ የሚቆሙት ሕፃናት እንደሆኑ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስፈራው ትንኝ ነው። ወባ በዚያ ቆላ ብርቱ ስለሆነ ወታደሩ ማታ ማታ በአጎበር ይተኛል፥ መከላከያ ክኒኑንም በአለቃ ፊት ይውጣል። የደጋ ሰው ወባን ስለማያውቅ ሰውነቱ አይቋቋመውም፤ ስለዚህ ክኒኑን መተው እንደ መሣሪያ መጣል የሚያስቀጣ ነበር።

የዚያ አገር ልጆች

በአንዱ ደብዳቤዬ የዋልያ ሥዕል ሥዬ ልኬላቸው ነበር። አጎቴም በአሚየት አቅራቢያ ለሚያውቋቸው ልጆች ወስደው በአስተርጓሚ አሳዩአቸው። ልጆቹ የከብት አርቢ ልጆች ናቸውና መጀመሪያ የጠየቁት «ወተትዋ ምን ያህል ነው?» ብለው ነው። «የምትኖረው ገደል ላይ ስለሆነ የሚያልባት የለም» ቢሏቸው፥ «ገደል ምንድን ነው?» አሉ። ምድራቸው እንደ ምጣድ የለጠለጠ ስለሆነ ገደል አይተው አያውቁም። አጎቴ በአፈሩ ግድግዳ ላይ ወጥተው ወደ ታች እያመለከቱ «ይህን ሁለት መቶ ጊዜ አድርጉት» ብለው ቢያስረዷቸው፥ አንዱ ልጅ «እንዲያ ያለ አገር ላይ ሰው ከብት ምን ብሎ ያቆያል?» ብሎ አዘነልን። እኛ ለእነርሱ ስናዝን እነርሱም ለእኛ ማዘናቸው ቤተ ሰባችንን ሲያስቅ ከረመ።

ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ የሚማሩት በዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ወረቀት ስላልነበራቸው ወታደሮቹ ከራሳቸው ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጧቸው ነበር። አጎቴ ለእኔ የሚጽፉበት ወረቀት አንዳንድ ጊዜ በግማሹ የተቀደደ የሚሆነው፥ ግማሹን ለአንድ ተማሪ ሰጥተው ስለሚጽፉ ነው።

ዘማቹ የማይጽፈው

ወታደር ለልጅ የማይጽፈው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በደንብ የተከለከለው ነው። የጓዱ ቊጥር፥ ሰፈሩ ያለበት ቦታ፥ የቅኝቱ መንገድና ሰዓት አይጻፍም፤ ደብዳቤ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላልና። ሁለተኛው ግን ማንም ሳይከለክለው ራሱ የሚተወው ነው። አጎቴ ስለ ሞት አንድም ቀን አልጻፉልኝም። ሥራው ግን ሞት ያለበት ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም.፥ ጦሩ ገና በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፥ ማቦክ በተባለ ቦታ አንድ የቅኝት ጓድ ፈንጂ ረግጦ 4 ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ 7 ቈስለዋል። ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ የንጎክ ዲንቃው ባላባት ኩዎል ዴንግ ኩዎል በመንገድ ላይ ሲገደሉ፥ አጅበዋቸው ከነበሩት ወታደሮች አንድ ኢትዮጵያዊ አብሮ ሞቷል። ይህን ያነበብሁት አጎቴ ከተመለሱ ከዓመታት በኋላ ነው።

ቤተ ሰብም ለዘማቹ የማይጽፈው አለ። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. አያቴ፥ ማለት የአጎቴ እናት፥ ዐረፈች። በአገራችን ልማድ መርዶ በስልክ ወይም በወረቀት አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፥ ገና ሳይነጋ፥ ሰው በዙሪያው ሆኖ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ መክሮ እስኪመለሱ ድረስ እንዳይሰሙ ተወሰነ። አጎቴ ግን በየደብዳቤያቸው «ለእናቴ ጉልበቷን ሳሚልኝ» ይላሉ። ከዚያ በፊት በደብዳቤዬ መጨረሻ የአያቴን ምርቃት እርሷ እየተናገረች እኔ እጽፈው ነበር። ካረፈች በኋላ ምርቃቱ ይጻፍ ወይስ ይቅር ተብሎ ሽማግሌ ተጠየቀ። ሽማግሌውም «የሙት ምርቃት በሕያው ስም አይጻፍም» አሉ። ስለዚህ ደብዳቤው ያለ ምርቃት ሄደ።

በሰኔ ወር ሲመለሱ በዳባት በአንድ ዘመድ ቤት አሳድረው ሌሊት አረዷቸው። አጎቴ ካለቀሱ በኋላ የተናገሩት እንዲህ የሚል ነበር፤ «ምርቃቱ ከደብዳቤው የቀረ ዕለት ዐውቄአለሁ። ነገር ግን መርዶ ሳይነገረኝ ልቅሶ መቀመጥ አልችልም። ሌሊት ሌሊት ዘብ ላይ ብቻዬን አለቅስ ነበር፤ ተረኛው ሲመጣ ፊቴን እጠርጋለሁ።»

ይህ ልማድ ደግ ነው ወይስ ክፉ? በቤታችን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እናቴ «ጠመንጃ የያዘ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ምን ይሆናል?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። የእናቴ ታናሽ እኅት ደግሞ «ብቻውን ማልቀሱ አልቀረ፤ ብንነግረው ጓደኞቹ ያስተዛዝኑት ነበር» ትላለች፤ እርሷም እውነቷን ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ ዘመቻ የሚሄደው አንድ ሰው ቢሆንም ዝምታውን የሚሸከሙት ሁለቱም ወገኖች መሆናቸውን ነው።

ስለ ገንዘቡ

«ዶላር ሊያመጣ ሄደ» ስለሚባለውም ጥቂት ማስረዳት ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የሚከፍለው ለወታደሩ ሳይሆን ወታደሩን ለላከው መንግሥት ነው። ክፍያው ለአንድ ወታደር በወር የሚታሰብ ሲሆን፥ ከሐምሌ 2010 ዓ.ም. በፊት 1,410 ዶላር፥ ከዚያ ወዲህ 1,428 ዶላር ሆኖ ነበር። ከዚህ ለወታደሩ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስነው እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ደንብ ነው። አጎቴ ባጠራቀሙት ገንዘብ የአያቴን ቤት ቆርቆሮ አልብሰዋል፥ ሁለት ታናናሾቻቸውንም አስተምረዋል። ቆርቆሮው በተመታ ጊዜ ግን አያቴ በሕይወት አልነበረችም። ስለዚህ ዶላሩን የሚቈጥር ሰው ዋጋውንም አብሮ ቢቈጥር መልካም ነው።

ከአብዬ በፊት የዘመቱት

የኢትዮጵያ ወታደር በሰው አገር መቆም የጀመረው በአብዬ አይደለም። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተመረጠው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ፥ በዚያው ወር መጨረሻ ኮሪያ ፑሳን ወደብ ደረሰ። የዘመቻው አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ። ቃኘው የሚለው ስም የተወሰደው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተደርቦ በኮሪያ ተራሮች ላይ ተዋጋ። ውርጭ ለለመደ የስሜን ሰው እንኳ የኮሪያ ክረምት የሚቻል አልነበረም። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ አቁም ስምምነት እስከ ተፈረመ ድረስ ሦስት የቃኘው ሻለቆች እየተተካኩ ዘምተዋል። ከስምምነቱ በኋላ በጥበቃ የቆዩትንም ጨምሮ የዘመቱት ከ6,000 በላይ ሲሆኑ፥ ከ120 በላይ ሞተዋል፥ ከ500 በላይም ቈስለዋል። የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ሥራቸው ነው። በ1945 ዓ.ም. እነዚሁ ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ጦርነቱ ወላጅ አልባ ላደረጋቸው የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት አቋቁመው፥ ከደመወዛቸው እያዋጡ ለጥቂት ዓመታት ረዱ። ዛሬ በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት ቆሞአል፤ የዘማቾቹ የልጅ ልጆችም በኮሪያ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኛሉ። በአገራችን ግን በደርግ ዘመን መንግሥቱ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለ ሆነ የቃኘው ዘማቾች ስም ለብዙ ዓመታት ተሸፍኖ ቆየ።

ከኮሪያ ቀጥሎ ከ1952 እስከ 1956 ዓ.ም. የጠቅል ብርጌድ ወታደሮች በኮንጎ ቆይተዋል። እነዚያው ከበደ ገብሬም ሌፍተናንት ጄኔራል ሆነው ከ1954 እስከ 1955 ዓ.ም. በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በሙሉ አዘዋል። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያውያን በሩዋንዳ፥ በቡሩንዲ፥ በላይቤሪያ፥ በዳርፉር፥ በደቡብ ሱዳንና በሶማሊያ ዘምተዋል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል?

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ። በዚያ ወራት ጭና በተባለው ቀበሌ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ ደባርቅም በተፈናቃዮች ተሞልታ ነበር። በእኛ ቤት ሦስት ቤተ ሰብ ተጠግቶ ስለ ነበር፥ እኔም በውሃ ወረፋ ቆሜ የመድፍ ድምፅ ሰምቻለሁ። ቀጥሎም በአለምዋጭ ለኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተሠራ፤ ሰማያዊው የተባበሩት መንግሥታት ምልክትም በራሳችን ወረዳ ታየ። ቀድሞ በደብዳቤ የማውቃቸው፥ ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁት ልጃገረዶች፥ ከዚያ ወዲህ የሩቅ አገር ሰዎች አይደሉብኝም። ሰላም የሚጠብቅ ሰው ለእነርሱ ምን ማለት እንደነበረ ለመረዳትም መጽሐፍ አላስፈለገኝም።

አጎቴ ዛሬ ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብተው ገብስና ድንች ያርሳሉ። ስለ ግጦሽ ጠብ ሲነሣ የሚጠሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሲሄዱም ብዙ አይናገሩም፤ በሁለቱ ወገን መካከል ይቆማሉ፥ እያንዳንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ይህን ከየት እንደ ተማሩት እኔ አውቃለሁ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ በየቤታችሁ የዘመተ ወይም ዘምቶ የተመለሰ ሰው ቢኖር እንዲህ ብታደርጉ እመክራለሁ። በዘመቻ ላይ ላለው ጻፉለት፤ በስልክ «ደኅና ነኝ» ብሎ የሚያልፈውን፥ ወረቀት ሲያገኝ ይዘረዝረዋልና። የምትጠይቁትም ትንሽ ትንሹን ይሁን፤ ምን በላህ፥ ከየት ቀዳህ፥ ማንን አየህ ብላችሁ ጠይቁት። ትልቁን ነገር እርሱ ራሱ ጊዜው ሲደርስ ይነግራችኋል። የተመለሰውን ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የሚናገረውን በደብተር ጻፉ። የቃኘው ዘማቾች ብዙዎቹ ሳይጠየቁ አልፈዋል፤ የአብዬዎቹ ግን ገና በመካከላችን ናቸው።